ጣሪያ የሌለው ቤት ቤት አይደለም ላሉኝ ክቡር ኃላፊ

ሰኔ 11 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለከተማችን የግንባታ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ተደረገልኝ ትብብር ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። በዚህ በዝናቡ ወራት እርስዎን ብርድ እንዳያገኝዎ፣ ልጆችዎ ደረቅ አልጋ ላይ እንዲተኙ፣ ባለቤትዎም ባልዲ ይዘው ከክፍል ክፍል እንዳይመላለሱ በየዕለቱ እጸልይልዎታለሁ። ከእኔና ከሰማይ መካከል አሁን የሚጋርድ ነገር ስለሌለ፣ ጸሎቴ ከሌላው ሰው ጸሎት ፈጥኖ የሚደርስ ይመስለኛል።

ስሜ ከበደች ኦልጅራ ነው። በስም ካላስታወሱኝ፣ ከቢሮዎ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር በግራ ጫፍ የምቀመጠው፣ እርስዎ ሲወጡ የምነሣውና ሲያልፉኝ ተመልሼ የምቀመጠው አሮጊት ነኝ። የከተማችንን ስም እዚህ አልጽፍም። ከጭሮ ተነሥቶ ወደ መቻራ የሚሄድ መኪና ውኃ ሊጨምር የሚቆምባት ናት ካልኩ ይበቃል፤ ስሟን ጠርቼ እንዲህ ያለ አስተዳዳሪ ያላገኙትን ሌሎች ከተሞች ማስቀናት አልፈልግም።

ደብዳቤዬን በአማርኛ በመጻፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናቴ ያሳደገችኝ በኦሮምኛ ነው፤ የምጸልየውም የምቆጣውም በእሱ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ግን በሠላሳ ሦስት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነውና ያን ጊዜ የተሰጠን ፊደል ይህ ብቻ ነበር። አፌ አንድ ቋንቋ፣ እጄ ሌላ ቋንቋ ይዘው ቀሩ። እርስዎ የሚልኩልኝ ደብዳቤ በራሴ ቋንቋ፣ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ተጽፎ ይመጣል፤ ሲነበብልኝ አንዲት ቃል አታመልጠኝም፣ ሳየው ግን አንዲት ፊደል አላውቅም። ልጄ ፌኔት መሰላ ወረዳ አስተማሪ ናትና በየሁለት ሳምንቱ መጥታ ታነብልኛለች። ስለዚህ የአሥራ አምስት ቀን ማስጠንቀቂያዎ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰኝ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነው። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ በልጅነቴ መማር ነበረብኝ።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት ቤቱ ምን ዓይነት እንደ ነበረ ልንገርዎ፤ ባለሙያዎችዎ «ነበረ» በሚለው ቃል ላይ ስለማይስማሙ። ቤቱን የሠራው አባቴ ኦልጅራ ነው፣ በ1948 ዓ.ም.። ምሰሶው የጥድ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮውን ያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ ከምትባለው ከጭሮ በግመል አስጭኖ አመጣው። መንገድ ላይ አንዱ ግመል ተንሸራቶ ወደቀና አንድ ቆርቆሮ መሐሉ ላይ ተበሳ። አባቴ ይጣል አላለም፤ ከነዳጅ ጣሳ ቁራጭ ቆርጦ በቅጥራን ለጠፈበትና ከሌሎቹ ጋር ሰቀለው። ያ ልጥፍ ሃምሳ ሰባት ክረምት አንጠባጥቧል። ብንደፍነውም፣ ብንቀባውም መንጠባጠቡን አልተወም።

የሚያንጠባጥበው ከታላቅ እህቴ ከእሴት አልጋ አጠገብ ነው። እሴት ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ከጠፋ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ባል አላገባችም፤ ከዚያ ቤት ወጥታ አታውቅም። ቤቱን በእጇ ታውቀዋለች፤ ግድግዳውን በግራ መዳፏ እየዳበሰች ከአልጋዋ እስከ ምሰሶው፣ ከምሰሶው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ጓሮ ያለ ማንም ምሪት ትሄድ ነበር። ከልጥፉ ሥር አንድ ጣሳ አስቀምጣለች፤ ሲዘንብ ከሁላችን ቀድማ «ጣሳዬ ጀመረ» ትላለች፤ ሲሞላም በድምፁ ለይታ ራሷ አውጥታ ትደፋዋለች።

እንግዲህ የጓሮውን ግድግዳ ምስጥ በልቶት ዘመመ። እኔም እህቴ ላይ ሳይወድቅ ላድሰው ብዬ ወደ እርስዎ መጣሁ። የሆነው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፤ የማፍረሻ ፈቃዱን በሦስት ቀን ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። ከእርስዎ ቢሮ በሦስት ቀን የወጣ ወረቀት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ፈቃዱ የሚለው ግልጽ ነበር፤ መጀመሪያ የጓሮው ወገን ጣሪያ ወርዶ፣ ግድግዳው ታድሶ ይከደን፤ እስከዚያ የመንገዱ ወገን እንዳይነካ። ባለሙያዎ የካቲት 14 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት መጥቶ የግማሹን መስመር ሊያሳየን ተቀጠረ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን አልደብቅም። በእኛ ዘንድ ሥራ የከበደው ሰው አፎሻውን፣ ዕድሩን፣ ጠርቶ ለደቦ ሥራ ጉዛ እንደሚያስወጣ እርስዎም የዚህ አገር ልጅ ነዎትና ያውቃሉ። እኔ ጉዛውን የጠራሁት ለጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። በሰፈራችን ብርቱ ክንድ ያለው ሁሉ ጫት ጫኝ ነውና፤ ጫቱ ከገጠር ከቀትር በኋላ ስለሚገባ ሰዎቹን የማገኛቸው ጠዋት ብቻ ነው። እኔ በጌታ ቤት ያለሁ ሰው ነኝ፣ ጫት አልገዛም፤ ጉዛ ደግሞ ያለ ጫት አይወጣም። ስለዚህ ጎረቤቴ ሉባባ ጫቱን አመጣች፣ እኔ ገንፎውን አገነፋሁ። ሉባባ «እንግዲህ ኃጢአቱ ለእኔ፣ ድካሙ ለአንቺ» ብላ ሳቀችብኝ። ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ቤቴ ውስጥ የሳቅነው እሱ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ጫት ጫኝ ሥራ ሲሠራ አይተው ያውቃሉ? እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የተማሩት እጅ ላይ ያለ ነገር ሳይጠወልግ መድረስ እንዳለበት ነው። ሠላሳ የሚሆኑት ለሁለት ተከፍለው ጣሪያው ላይ ወጡ፤ በጓሮው በኩል ሙሜ፣ በመንገዱ በኩል ጂብሪል መሪ ሆኑ። መውጣት የነበረባቸው የጓሮዎቹ ብቻ ነበሩ፤ ነገር ግን ጉዛ የመጣን ሰው አንተ ቁጭ በል ማለት ስድብ ነው፣ እነሱም ከታች ሆነው የሌላውን የሥራ ዘፈን እየሰሙ መቀመጥ አላስቻላቸውም። እኔ ከሥር ሆኜ ግማሹ ይበቃል፣ ባለሙያው እስኪመጣ ጠብቁ እያልኩ ስጮህ፣ ሙሜ ከላይ ሆኖ «አዮ፣ እናቴ፣ የእኔ ግማሽ እያለቀ ነው፤ የጂብሪልን ጠይቂው» አለኝ። ጂብሪልም እንዲሁ መለሰልኝ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አባቴ በአንድ ዓመት የሰቀለው ጣሪያ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተደርድሮ ነበር። ጂብሪል ቆርቆሮዎቹን እንደ ጫት እስር እኩል በእኩል ደርድሮ «አንዱም አልተጣመመም» ብሎ አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ አንዱም አልተጣመመም።

ሁለተኛ፤ ስለ ተሰጠኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሜትሩን ይዞ መጣ፣ ወደ ላይ አየ፣ ሜትሩንም መልሶ ኪሱ ከተተ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልተቆጣኝም። እኔም አሁኑኑ ግማሹን መልሰው ይስቀሉት፣ ሰዎቹም አሉ፣ ምስማሩም አለ፣ ከቀትር በፊት ያልቃል ብዬ ለመንኩት። ሙሜ አፍሮ መሰላሉን እንደ ያዘ ቆሞ ነበር። ልጁ ግን ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ፤ «እማማ፣ ቆርቆሮ ማውረድ ማፍረስ ነው፣ ለማፍረስ ፈቃድ አለዎት። ቆርቆሮ መስቀል ግንባታ ነው፣ ለግንባታ ፈቃድ የለዎትም።» ፈቃዱ ግማሹ ታድሶ ይከደን ይላል ብሎ አናጢው በድሪ ቢከራከረው፣ እሱ የግማሽ ዕድሳት ነበር፣ አሁን ግን ሙሉው ስለ ወረደ ጉዳዩ አዲስ ግንባታ ሆኗል አለው። ስድሳ አምስት ዓመት ስኖር ማፍረስ ከመሥራት እንደሚቀል አውቅ ነበር፤ በደንብ ላይ እንደ ተጻፈ ግን አላውቅም ነበር።

ሦስተኛ፤ ንብረቴን ስለ ጠበቁልኝ አመሰግናለሁ። በማግሥቱ ደንብ አስከባሪዎች በጋሪ መጥተው አርባ ሁለቱንም ቆርቆሮ ለጥንቃቄ ብለው ወሰዱ። ተሸሽጌ እንዳልሰቅለው መሆኑ ነው። ስድሳ አምስት ዓመት የሞላት ሴት በጉልበቷ ጣሪያ ላይ ወጥታ ምስማር ትመታለች ብለው ስለ ሰጡኝ ግምት ኮርቻለሁ።

አራተኛው ምስጋናዬ ትንሽ ይረዝማል፤ ምክንያቱም እኔም እስኪገባኝ ድረስ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። አዲስ ግንባታ እንዲፈቀድልኝ ካርታ አምጪ ተባልኩ። ካርታ እንዲሠራልኝ ስጠይቅ፣ ለነባር ይዞታ ካርታ የሚሰጠው ቦታው ላይ ቤት መኖሩ በልኬት ሲረጋገጥ ነው ተባልኩ። ለኪዎቹ ሚያዝያ ላይ መጡ። ያን ቀን እሴት ቤቴን አሳዩኝ ብላ አስቸግራን ሉባባ ይዛት መጥታ፣ አልጋዋ በነበረበት ቦታ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ለኪዎቹ ገመዱን ከፊቷ አሳለፉ፣ ከኋላዋ መለሱት፣ አንደኛውም «እትዬ፣ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉልኝ» አላት። እሷም ሰበሰበች። ከዚያም «ፍርስራሽ ያለበት ባዶ ቦታ» ብለው ጻፉ። አራቱ ግድግዳ ቆሞ፣ በሩ በማጠፊያው ላይ ሆኖ፣ ሰው ተቀምጦበት ባዶ የሆነ ቦታ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ይህን ልነግርዎ ወደ ቢሮዎ ስመጣ ሰባት ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በስምንተኛው ቀን ተቀበሉኝና፣ እጅዎን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ በትዕግሥት «እናቴ፣ ጣሪያ የሌለው ቤት ቤት አይደለም» አሉኝ። እንግዲያው ጣሪያውን ስጡኝ ስልዎ፣ ጣሪያ የሚሰጠው ቤት ላለው ነው አሉኝ። ወጥቼ አግዳሚው ወንበር ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። የተናገሩትን ከፊትም ከኋላም ጀምሬ ሞከርኩት፤ ከየትም ቢጀመር በር የለውም። እንዲህ ያለ ጥብቅ ሥራ የሚያውቅ ሰው ለምን ቤት ሠሪ እንዳልሆነ ገረመኝ።

አምስተኛ፤ የቀረውን የማፍረስ ሥራ ያለ ምንም ጉልበት ስለ ጨረሱልኝ አመሰግናለሁ። ጭቃ ቤት የሚኖረው ጣሪያው እስካለ ነው፤ ይህን ለእርስዎ አላስተምርም። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ግድግዳው ላይ ላስቲክ አለበስኩ፤ ደንብ አስከባሪዎች ጊዜያዊ መጠለያ ክልክል ነው ብለው ገፈው ወሰዱት። እኔ መጠለያ የሠራሁት ለግድግዳው ነበር። መጀመሪያ ልስኑ ረገፈ፣ ቀጥሎ ጭዱ እንደ ሽበት ብቅ አለ፣ ከዚያ ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ተቆጠረ። የጓሮው ግድግዳ በሚያዝያ መጨረሻ፣ የጎኑ በግንቦት ወደቀ። ምስጥ በሃምሳ ሰባት ዓመት ያልቻለውን ቢሮዎ በአራት ወር ቻለ።

በፊት ለፊቱ ክፍል ልስኑ ሲላጥ ከሥሩ የድሮ ጋዜጣ ወጣ። ጋዜጣው ሲረግፍ ደግሞ ከእሱ ሥር በከሰል የተጻፈ ሀ ሁ ሂ ታየኝ፤ ቁልቁል የሚሄድ፣ ሰባቱ ፊደል ስምንት ሆኖ የተጻፈ፣ ሃ ሁለት ጊዜ የገባበት። የእኔ እጅ ነው። ደብተር ሲያልቅብኝ ግድግዳው ላይ እለማመድ እንደ ነበር ረስቼው ኖሯል። ያየሁት ጠዋት ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘነበ።

ስለ አስተያየት መስጫ ሳጥኑም ላመስግን አስቤ ነበር፤ ቁልፉ ጠፍቷል ስለ ተባልኩ ትቼዋለሁ።

አሁን ደብዳቤዬን ለሕዝብ እንዲታይ አድርጌ ወደምጽፍበት ምክንያት ልምጣ። እህቴ እሴት ከየካቲት ጀምሮ ሉባባ ቤት ናት። ሉባባ በረመዳን ጾም ሲፈታ የሚበላውን እንኳ አስቀድማ ለእሷ የምታነሣ ሰው ናት፣ በምንም አልወቅሳትም። የሉባባ ግድግዳ ግን የእሴት ግድግዳ አይደለም። እዚያ ቤት መዳፏ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሁለት ጊዜ ወድቃለች፣ ከሁለተኛው በኋላ መሄድ ትታለች። ያለ መሪ ጓሮ ደርሳ ትመለስ የነበረች ሴት በርጩማ ላይ ተተክላ ቀረች። በየቀኑ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ጣሪያው ገባ?» እኔና ሉባባ ተማክረን መዋሸት ጀመርን። ግንቦት መጨረሻ ላይ ገብቷል፣ ግድግዳው እስኪደርቅ ብቻ ነው አልኳት። ደስ አላት። «ልጥፉስ? ጣሳዬን አስቀምጣችኋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ውሸቴን ላሳምር ብዬ፣ በድሪ ደፍኖታል፣ ከእንግዲህ አያንጠባጥብም አልኳት።

«እንግዲያው የእኛ ቤት አይደለም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልጠየቀችኝም።

ከአሥራ ሦስት ቀን በፊት የላኩትን ደብዳቤ ፌኔት መጥታ አነበበችልኝ። ቦታው ባዶ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ ፍርስራሹን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በራሴ ጉልበት አንሥቼ እንዳስረክብ፣ ይህ ባይሆን ሕጋዊ እርምጃ እንደሚወሰድ ይላል። ሁለት ቀን ቀርቶኛል። አቤቱታ አላቀርብም፤ አቤቱታ የሚቀበለው ክፍል የእርስዎ መሆኑን አረጋግጫለሁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ ምሰሶውን ለማንሣት ሰዎችዎ ሲመጡ፣ እርስዎም አንዴ ሉባባ ቤት ጎራ ብለው፣ እጅዎን እንደ ዘረጉልኝ አድርገው፣ ለእሴት ራስዎ ያስረዷት። እኔ እውነቱን ለመናገር ድፍረቱ የለኝም፤ ውሸቱንም አልችልበት አልኩ። እርስዎ ግን ሁለቱን አጣምረው መናገር ያውቁበታል።

ጉዳዬን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በደንቡ መሠረት ስላፈረሱልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከመንበርዎ የሚያነሣዎ አይምጣ፤ በእርስዎ ቦታ ሌላ ሰው ቢቀመጥ፣ ስምንት ጊዜ ተመላልሼ ያወቅኩትን እንደገና ልማር ነውና።

የቤት ባለቤት የነበረችው፣ አሁን የፍርስራሽ ባለቤት፣ ከሁለት ቀን በኋላ የምንም ባለቤት ያልሆነች፣
አክባሪዎ
ከበደች ኦልጅራ
(ፊርማ፤ በገዛ እጄ)

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፤ መስታወቱ በተሰበረበት በኩል
ለሙሜና ለጂብሪል፤ አልተቀየምኳችሁም፣ እናንተ ያወረዳችሁት በአንድ ጠዋት የሚመለስ ነበር
ለእህቴ ለእሴት፤ እንዳይነበብላት

ድኅረ ጽሑፍ፤

ትናንት ከቢሮዎ ስወጣ ዝናብ ያዘኝና ግቢያችሁ ውስጥ አዲስ በተሠራው የሞተር ሳይክል መጠለያ ሥር ቆምኩ። ያማረ መጠለያ ነው፤ ግድግዳ ባይኖረውም ጣሪያ አለው። የእኔ ቤት ደግሞ ሁለት ግድግዳ ቀርቶት ጣሪያ የለውም። ሁለቱ ቢገናኙ አንድ ቤት ይወጣቸው ነበር ብዬ እያሰብኩ ሳለሁ፣ ከራሴ በላይ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁ። ቀና ብዬ ሳይ ከመግቢያው ሦስተኛው ቆርቆሮ ላይ፣ በቅጥራን የተለጠፈ የነዳጅ ጣሳ ቁራጭ አለ። ውኃው የሚወርደው በእርስዎ ሞተር ወንበር ላይ ነው። ሊደፍኑት አይሞክሩ፤ አባቴም ሞክሮታል። የእሴትን ጣሳ ለዘበኛው ትቼልዎታለሁ፣ ከሥሩ ያስቀምጡት። ሊሞላ ሲል ድምፁ ይወፍራል፣ ያን ጊዜ መድፋት ነው። እህቴ ሳታየው ታውቀው ነበር።